ሥራ ቀይራችሁ ፕሮግራሚንግ ስትማሩ መሃል ላይ እንዳትቆሙ

ሐዋሳ ውስጥ ከሌላ ሙያ ወደ ፕሮግራሚንግ መምጣት የሚፈልግ ሰው ብዙ ይገጥመኛል። የሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ወጥታ ማታ ማታ ስልኳ ላይ ትምህርት የምትከታተል ልጅ አለች። አጀማመራቸው እሳት ነው። ከዚያ ሁለተኛው ሦስተኛው ወር ላይ ድምፃቸው ይጠፋል። ስጠይቃቸው "ከበደኝ" የሚለኝ ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው "ሞራሌ ወደቀ" ነው የሚለኝ።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ሞራል ቁጭ ብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። በእጃችሁ የሠራችሁት ትንሽ ነገር ሲንቀሳቀስ ስታዩ ይመጣል፣ ያ ነገር እናንተ ለምታውቁት ሥራ የሚጠቅም ከሆነ ደግሞ ይቆያል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን እንዴት እንደምታመጡት ነው።

1. የት መድረስ እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"ፕሮግራመር መሆን እፈልጋለሁ" አይበቃም። በጣም ሰፊ ስለሆነ ስትደክሙ የምትይዙት ነገር አይሰጣችሁም። "ለአነስተኛ ንግዶች ድረ ገጽ መሥራት እፈልጋለሁ" ወይም "የሽያጭና የሒሳብ ዳታ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ" በሉ። ወረቀት ላይ ጻፉት።

ከዚያ አንድ መንገድ ያዙ። ድረ ገጽ ከሆነ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት። ዳታ ከሆነ ወይም ገና ካልወሰናችሁ ፓይተን። "ይሄ ቋንቋ አለቀለት፣ ወደዚህኛው ግቡ" የሚል ቪዲዮ በየሳምንቱ ታያላችሁ፤ አትደንግጡ። ፓይተን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ በ1995፣ ሁለቱም እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው። ቋንቋ በቀየራችሁ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ገጽ ትመለሳላችሁ፣ ሁልጊዜ ጀማሪ መሆን ደግሞ የማንንም ሞራል ይጨርሳል።

የመማሪያም ነገር እንደዚሁ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ትምህርት ሲኤስ50 በነፃ አለ፣ የኮድ መማሪያ ድረ ገጹ ፍሪኮድካምፕ በነፃ አለ፣ ሐምሌ 2016 ላይ በአገራችን የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም አለ። አንዱን ምረጡና ሌሎቹን ለጊዜው ተዉ።

2. ሰዓቱን ከኑሯችሁ ጋር አስማሙ

ቀን ሙሉ ሥራ የዋለ ሰው "በየቀኑ አራት ሰዓት አጠናለሁ" ብሎ ቢያቅድ ሦስተኛው ቀን ላይ ራሱን ይወቅሳል፣ አምስተኛው ቀን ላይ ላፕቶፑን ማየት ያስጠላዋል። ስለዚህ ከታች ጀምሩ። በጣም በከፋ ቀን እንኳ የማይቀር 20 ደቂቃ ይኑራችሁ። ጥሩ ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ብትሠሩ እሰየው፣ ግን ነገ ዕዳው 20 ደቂቃ ብቻ ነው።

ፈረቃችሁ በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነ ከሰዓት ጋር አትሰሩት። ከአንድ የማይቀር ነገር ጋር እሰሩት፦ "ከሥራ ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ቡና ከመቅረቡ በፊት።" ቋሚ የቀን ሥራ ያላችሁ ደግሞ ንጋቱን ሞክሩት። የሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ላይ ከሥራ ደክሞ የተመለሰ ጭንቅላት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጭንቅላት ጋር አይተካከልም።

አንድ ትንሽ ዘዴ አለች፣ ብዙ ሰው ይንቃታል፣ እኔ ግን ከሁሉም በፊት የምመክራት እሷን ነው። ስትጨርሱ ኮዱ መሃል ላይ በአማርኛ አንድ መስመር ማስታወሻ ተዉ፦ "ነገ ዋጋው ዜሮ ሲሆን ምን እንደሚል አስተካክል።" ነገ ስትቀመጡ "የት ነበርኩ?" እያላችሁ ሩብ ሰዓት አታባክኑም። አብዛኛው ስንፍና የምንለው ነገር ከየት እንደምንጀምር አለማወቅ ነው።

መብራትና ዳታም አለ። መብራት ሲጠፋ ቀኑ እንዳይበላሽ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ፓይተን አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። መመሪያውም ሙሉ በሙሉ ወርዶ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ የሳምንቱን በአንዴ አውርዱ። ላፕቶፑ ከተዘጋ ስልክ ላይ ፓይድሮይድ የሚባለው መተግበሪያ ፓይተን ያስጽፋችኋል፤ ትንሽ ኪቦርድ ላይ አሰልቺ ቢሆንም ለ20 ደቂቃዋ ይበቃል። እሱም ካልሆነ ወረቀት። ኮድ በእስክሪብቶ መጻፍ ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ኮምፒውተሩ ስለማያርማችሁ እያንዳንዱን መስመር እንድታስቡ ያስገድዳችኋል።

3. የመጀመሪያው ፕሮጀክታችሁ የምታውቁት ነገር ይሁን

የውጭ ትምህርቶች የሚሰጧችሁ ልምምድ ብዙ ጊዜ የፒዛ ማዘዣ ወይም የቤዝቦል ውጤት ነው። ትሠሩታላችሁ፣ ይሠራል፣ ከዚያ ምንም አይሰማችሁም። ስለዚህ ለፓይተን ተማሪዎች ይህን እሰጣለሁ፦ የዘመን መቁጠሪያችንን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ በኮድ ጻፉ። አባቶቻችን ያለ ኮምፒውተር ሲሠሩበት የኖሩት ስሌት ለጀማሪ ፕሮግራመር የተሰፋ ልክ ነው፤ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ቀሪ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እንዲህ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፣ ዓመተ ዓለም ታገኛላችሁ። ለ2018 ከሆነ 7518 ነው። እሱን ለ4 ስታካፍሉ ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግራችኋል፦ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። 7518 ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2 ነው። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። አሁን ዓመተ ዓለሙንና ድርሻውን ደምሩ፣ 9397 ይመጣል። ለ7 አካፍሉት፣ ቀሪው 3 ነው። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፣ 0 ሲሆን ሰኞ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ። ካላንደሩን አውጥታችሁ አመሳክሩ!

አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ግን ሲሠራ የሚሰማችሁ ነገር ይለያል፣ ምክንያቱም የተወለዳችሁበትን ዓመት ታስገባላችሁ፣ የእናታችሁን ታስገባላችሁ፣ ቤተሰቡ ሁሉ "የእኔንም እስቲ" ይላል።

እዚያ ላይ አትቁሙ፣ ትልቁ ትምህርት የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍላችሁ ከቀሪው 1 ስትቀንሱ ወንበር ታገኛላችሁ፤ ወንበርና ከሱ የሚወጡት አበቅቴና መጥቅዕ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚሰላባቸው ቁጥሮች ናቸው። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው አበቅቴ ነው፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ደግሞ መጥቅዕ። የሁለቱ ድምር 30 ነው። ለ2018 ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ይመጣል፤ ልክ ነው። አሁን 2006ን አስገቡ። ወንበሩ ዜሮ ይሆናል፣ ሁለቱም ዜሮ ይወጣሉ፣ ድምሩ 30 አይሞላም። ሊቃውንቱ ወንበር ዜሮ ሲሆን መጥቅዑን 30 ይሉታል፣ እናንተም ለዚያ ዓመት የተለየ መስመር መጻፍ አለባችሁ። ቀጥሎ 2005ን ሞክሩ። ፓይተን ላይ ድምሩ 30 ይመጣል፣ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል፣ ወንበሩን ብታትሙት ግን ከዜሮ በታች 1 ነው። መሆን የነበረበት 18 ነው። ፈተናውን ያለፈ ኮድ ሁሉ ትክክል እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ልምምድ አላየሁም።

በነገራችን ላይ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ በዚህ ቀመር አታገኙትም። የሲዳማ አያንቶዎች ሰማዩን፣ ከዋክብቱን ተመልክተው ነው ቀኑን የሚያሳውቁት። የትኛው ነገር በቀመር እንደሚሰላ፣ የትኛው ሰው አይቶ እንደሚወስነው መለየትም የዚህ ሥራ አካል ነው።

4. የድሮ ሥራችሁን ይዛችሁ ኑ

ሥራ የሚቀይር ሰው ትልቁ ስህተት ያለፈውን እንደ ባከነ ዕድሜ መቁጠር ነው። "ሰባት ዓመት ሆቴል ውስጥ አጠፋሁ" ይላል። ያ ሰው ግን አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ሲያዝ ምን እንደሚፈጠር ያውቃል፣ የቡድን ቅናሽ እንዴት እንደሚሰላ ያውቃል፣ ሌሊት የገባው ተረኛ ለጠዋቱ ምን ማስረከብ እንዳለበት ያውቃል። ከዩኒቨርሲቲ ትናንት የወጣ ጎበዝ ልጅ ኮዱን ከእሱ በተሻለ ሊጽፍ ይችላል፣ ይህን ግን አያውቅም።

ስለዚህ አንድ ደብተር አውጡና የድሮ ወይም የአሁን ሥራችሁ ላይ ደጋግማችሁ በእጅ የምትሠሩትን ነገር ዘርዝሩ። አስተማሪ ከሆናችሁ የውጤት ድምርና ደረጃ አለ፤ የሴሚስተር መጨረሻ ላይ ሮስተር ሲሞላ የሚነጋበትን ሌሊት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ፋርማሲ ከሆናችሁ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ጊዜያቸው የሚያልፍ መድኃኒቶችን የሚያወጣ ፕሮግራም። ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ተቆጣጣሪ ከሆናችሁ የዕለቱን ምርትና ጉድለት የሚደምር። አሞራ ገደል ዓሣ ተረክቦ ለሆቴሎች የሚያከፋፍል ዘመድ ካላችሁ ማን ስንት ኪሎ በዱቤ እንደወሰደ የሚመዘግብ።

ከዝርዝሩ ትንሿን ምረጡ። በጣም ትንሿን። "የሆቴል አስተዳደር ሲስተም" አትበሉ፣ "የዛሬ ባዶ ክፍሎችን የሚያሳይ" በሉ። በሁለት ሳምንት ካላለቀ አሁንም ትልቅ ነው፣ ቁረጡት። ካለቀ በኋላ ለአንድ ሰው ስጡትና ሲጠቀምበት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። "እዚህ ጋ ተጫን" አትበሉ። የሚሳሳትበትን ቦታ መዝግቡ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራችሁ እሱ ነው። ለምን ላጥና የሚል ጥያቄ ለተወሰነ ጊዜ አይመጣባችሁም፣ ምክንያቱም የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።

የሥራ ቦታችሁን ትክክለኛ የደንበኛ ስምና ስልክ ግን ለልምምድ አትውሰዱ። የፈጠራ ስም ሙሉበት።

5. ቀዩን ጽሑፍ ማንበብ ልመዱ

ሞራል በአንድ ምሽት የሚገድለው ኤረር ነው፣ ማለትም ኮዱ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የስህተት መልእክት። ሥራ ውለው፣ እራት በልተው፣ ቁጭ ብለው፣ ያ ቀይ የእንግሊዝኛ መዓት ሲዘረገፍ "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ማለት ይመጣል። ኤረር ግን ስድብ አይደለም፣ አድራሻ ነው።

ፓይተን ላይ ከታች ጀምራችሁ አንብቡ። የመጨረሻው መስመር ምን እንደተበላሸ ይናገራል፣ ከሱ በላይ ያለው የመስመሩን ቁጥር ይሰጣል። ኔም ኤረር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ስም ተሳስታችኋል ወይም ሳትፈጥሩት ጠርታችሁታል። ኢንደንቴሽን ኤረር ካለ የመስመሩ መግቢያ ክፍተት ተዛብቷል። ታይፕ ኤረር ካለ ቁጥርና ጽሑፍ ቀላቅላችሁ ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ከተጠቃሚ የመጣ 50 ለእናንተ ቁጥር ቢመስልም ለፓይተን ጽሑፍ ነው።

እንግሊዝኛችሁ ደካማ ከሆነ ይህን አድርጉ። የኤረር ደብተር ያዙ። በግራ መልእክቱን፣ በቀኝ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነና በምን እንደተፈታ ጻፉ። ጀማሪን የሚገጥሙት ኤረሮች ጥቂት ናቸው፣ እነሱው እየተመላለሱ ነው የሚመጡት። ደብተሩ ሲሞላ ፍርሃቱ ይቀንሳል፣ አንድ ቀን ስታገላብጡትም ምን ያህል እንደመጣችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አንድ ችግር ላይ ግማሽ ሰዓት ከተጣበቃችሁ ተነሡ። ውጡ፣ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ሱቅ ሂዱ፣ ተመለሱ። ካልተፈታ ጠይቁ። ስትጠይቁ "አልሠራልኝም" ብቻ አትበሉ፤ ምን ለማድረግ እንደፈለጋችሁ፣ ምን እንደጻፋችሁ፣ ምን እንደመጣ፣ ምን እንደሞከራችሁ አስቀምጡ። ጥያቄውን እንዲህ አስተካክላችሁ ስትጽፉት መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ይገለጥላችኋል።

ስለ ቻትጂፒቲ የማይጠይቀኝ የለም። ተጠቀሙበት፣ ግን "ጻፍልኝ" አትበሉት፣ "የት ጋ እንደተሳሳትኩ ፍንጭ ስጠኝ፣ መልሱን አትንገረኝ" በሉት። የሰጣችሁን ኮድ ከወሰዳችሁ በሚቀጥለው ቀን አጥፍታችሁ ሳታዩ እንደገና ጻፉት። ካልቻላችሁ ገና አልተማራችሁትም። ሁሉን ነገር እሱ ሲጽፍላችሁ ሥራው ያልቃል፣ የሠራሁት እኔ ነኝ የሚለው ስሜት ግን አይመጣም፣ ሞራል የሚያድገው ደግሞ በዚያ ስሜት ነው።

6. ሞራላችሁ ሲወድቅ ምን እንደሆነ ለዩ

መውደቁ አይቀርም። ሲወድቅ ራሳችሁን ከመውቀስ በፊት የትኛው እንደሆነ እዩ።

ደክሟችሁ ከሆነ፣ ማለትም ኮዱ ብቻ ሳይሆን ምግቡም ጨዋታውም ካስጠላችሁ፣ መድኃኒቱ እንቅልፍ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ በሙሉ ተዉት፣ የምትመለሱበትን ቀን ግን ካላንደር ላይ ጻፉ።

ተጣብቃችሁ ከሆነ፣ ማለትም ሌላው ነገር ደህና ሆኖ ያን ምዕራፍ ስታስቡ ብቻ ሆዳችሁ የሚጨነቅ ከሆነ፣ ዕረፍት አይረዳችሁም። ያን ርዕስ ከሌላ ምንጭ ተማሩት፣ ወይም አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ኦብጀክት (ዳታንና በዳታው ላይ የሚሠራውን ኮድ አንድ ላይ የያዘ ነገር) ያልገባው ሰው ብዙ ጊዜ በደንብ ያልገባው ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት ተደጋግሞ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ነው።

ሦስተኛው ምክንያቱ ሲጠፋባችሁ ነው። ትችላላችሁ፣ ጊዜም አላችሁ፣ ግን ለምን እንደሆነ አይታያችሁም። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር አውጡ። ተለውጦ ከሆነ ቀይሩት። ከሦስት ወር በኋላ ድረ ገጽ እንደማይስባችሁ፣ ዳታ እንደሚስባችሁ ብታውቁ ጊዜ አላባከናችሁም።

7. ብቻችሁን አትሁኑ

ሦስት ወይም አራት ሰው ፈልጉ። በዕቁብ ደንብ አድርጉት፦ በየሳምንቱ እሑድ ተገናኙ፣ ዕጣ ጣሉ፣ የደረሰው የሳምንቱን ሥራውን ከፍቶ ያሳያል። ባዶ እጅ መምጣት አይፈቀድም፣ የተበላሸ ኮድ ግን ይፈቀዳል። ከመካከላችሁ አንዱ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ ተማሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እሱ ቲዎሪውን ያስረዳችኋል፣ እናንተ ገበያው ምን እንደሚፈልግ ትነግሩታላችሁ።

ከፍሬሽ ተመራቂዎች ጋር ራሳችሁን አታወዳድሩ። እነሱ አራት አምስት ዓመት ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጥተውታል፣ እናንተ የምትማሩት ልጅ አስተኝታችሁ ነው። መወዳደር ካለባችሁ ከሁለት ወር በፊት ከጻፋችሁት ኮድ ጋር ይሁን። ለዚህ ጊት የሚባለውን የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ከመጀመሪያው ተማሩ፣ የቀድሞውን ሁሉ ያስቀምጥላችኋል።

ቤተሰብስ? "ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ" የሚለው ንግግር ይጎዳል። አትከራከሩ። ስንት ሰዓት እንደምትፈልጉና መቼ እንደሆነ ለይታችሁ ንገሯቸው፣ ከዚያ ሰዓት ውጭ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ሁኑ። ባለቤትሽ ወይም ባለቤትህ ልጆቹን ይዘው ያን ሰዓት ከለቀቁላችሁ ትልቅ ውለታ ነው፣ አመስግኗቸው።

8. ሥራችሁን ቶሎ አትልቀቁ

"በሦስት ወር ፕሮግራመር" የሚለውን ማስታወቂያ አትመኑ። ሥራ እየሠራ ለሚማር ሰው ከዓመት በላይ አስቡ። የኪራይ ጭንቀት ያለበት ሰው ኤረር በትዕግሥት ማንበብ አይችልም፣ ስለዚህ ደሞዛችሁ የትምህርታችሁ ትልቁ ደጋፊ ነው። ላፕቶፕ ለመግዛትም አትበደሩ። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

9. የመጀመሪያውን የሚከፈል ሥራ ስታገኙ

አብዛኛውን ጊዜ ከምታውቁት ሰው ነው የሚመጣው፣ በቁጥር 4 ላይ ፕሮግራማችሁን የሰጣችሁት ሰው ሌላ ሰው ይልክላችኋል። በነፃ አትሥሩለት፣ ዋጋው ዝቅ ቢል እንኳ ይክፈላችሁ፤ የተከፈለበትን ነገር ሰው ይጠቀምበታል፣ ጉድለቱንም ይነግራችኋል። ምን እንደምትሠሩ፣ ምን እንደማትሠሩ፣ መቼ እንደምታስረክቡ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ግማሹን ቀድማችሁ ተቀበሉ። "ይቺን ብቻ ጨምርልኝ" ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ በደስታ ተቀበሉና ዋጋዋን ለብቻ ንገሩት። ከማስረከባችሁ በፊት የዳታውን ኮፒ በፍላሽ አስቀምጡለት፣ መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሆንም ባትሪ አውጥታችሁ፣ በቻርጅ ብቻ አብራችሁት፣ እየሠራ ሳለ ቻርጁን ነቅላችሁ ሞክሩ።